ፕሮቲን ከኪቶ ያስወጣል? የሥጋው፣ የስኳሩና የኪቶኑ ሒሳብ

አንድ ጓደኛዬ በጠዋት ፎቶ ላከልኝ። ጣቱን ወግቶ ደሙ ውስጥ ያለውን ኪቶን የለካበት ትንሽ መሣሪያ ነው። መስኮቱ ላይ 0.4 ይላል። ከሥሩ «የማታዋ የዶሮ ደረት ጉድ ሠራችኝ» ብሎ ጽፏል።

ኪቶ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬትን በጣም ቀንሶ ሰውነት በስብ እንዲሠራ (ኪቶሲስ ውስጥ እንዲገባ) የሚያደርገውን አመጋገብ፣ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ዳቦ ትቷል። ሩዝ ትቷል። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለምዷል፤ እሱን ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ሥጋ መፍራት ጀምሯል። «ፕሮቲን ሲበዛ ስኳር ይሆናል፣ ስኳሩ ደግሞ ከኪቶሲስ ያስወጣል» ሲባል ሰምቶ ነው።

የሰማው ነገር ውሸት አይደለም። ግን ግማሹን ነው የሰማው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ኪቶን የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይቀድማል።

ኪቶን ምንድን ነው?

ሰውነታችን በዋናነት የሚሠራው በሁለት ነዳጅ ነው፤ በግሉኮስና በስብ። ግሉኮስ የሚገኘው ካርቦሃይድሬት ከምንለው ክፍል ነው፤ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፍራፍሬና ስኳር ውስጥ ይበዛል። የተረፈው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይቀመጣል። ጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ወደ 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ካርቦሃይድሬት መግባት ካቆመ ይህች ስንቅ በአንድ ቀን ገደማ ትመናመናለች።

እግረ መንገዴን፣ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ስንቁ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ኪቶ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥቶ የሚጨፍርበት ኪሎ አብዛኛው ይሄ ውሃ ነው። ደስታውን ለመቀማት አይደለም፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቁጥሩ ሲቀዘቅዝ እንዳይደነግጥ ነው።

ስንቁ ሲያልቅ የሚቸገረው አንጎል ነው። በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል። ስብን ደግሞ ጡንቻ እንደሚያደርገው በቀጥታ አያነደውም። እዚህ ላይ ጉበት መላ ይዘይዳል። ስቡን ሰባብሮ ኪቶን የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ይሠራል። ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቤታ-ሃይድሮክሲቡቲሬት፣ አሴቶአሴቴትና አሴቶን። ስማቸውን መሸምደድ አያስፈልግም። የመጀመሪያው በደም፣ ሁለተኛው በሽንት፣ ሦስተኛው በትንፋሽ እንደሚለካ ብቻ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚገርመው ጉበት ራሱ የሠራውን ኪቶን መጠቀም አይችልም፤ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የለውም። ቀኑን ሙሉ ሲያበስል ውሎ ከድስቱ አንድ ማንኪያ እንደማይቀምስ ወጥ ሠሪ ነው። የሚበሉት አንጎል፣ ልብና ጡንቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ጥናት በሐኪም ክትትል ለሳምንታት በጾሙ ሰዎች ላይ እንዳሳየው፣ አንጎል ከሚያስፈልገው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ከኪቶን ማግኘት ይችላል።

ኪቶሲስ ማለት እንግዲህ ደም ውስጥ ያለው ኪቶን ከወትሮው ከፍ ያለበት ሁኔታ ነው። የተለመደው መነሻ 0.5 ሚሊሞል በሊትር ነው። በአመጋገብ ብቻ የሚመጣ ኪቶሲስ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይውላል። ጓደኛዬ ከመስመሩ በአንዲት ነጥብ ዝቅ ብሎ ነው ቀኑ የተበላሸበት።

በሩን የሚዘጋው ማነው?

ኢንሱሊን። ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የስብ ጎተራውን በር መዝጋት ነው። በሩ ከተዘጋ ስብ ወደ ጉበት አይሄድም፣ ጉበትም ኪቶን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ያጣል። ኢንሱሊንን ከምንም በላይ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ካርቦሃይድሬት ነው።

ስለዚህ በኪቶ ላይ እንደ ጣሪያ የሚታየው ካርቦሃይድሬት ነው። አብዛኛው ሰው ኪቶሲስ ውስጥ የሚገባው በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ሲወስድ ነው። ክልሉ የሰፋው ሰውና ሰው ስለማይመሳሰል ነው። ብዙ የሚንቀሳቀስ ሰው 50 ግራም በልቶ ኪቶሲስ ውስጥ ሊውል ይችላል፤ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ደግሞ 30ም ሊበዛበት ይችላል። መጠኑን ለማየት ያህል፣ መካከለኛ ሙዝ ወደ 27 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ስኒ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ወደ 45 ግራም ይደርሳል። አንድ ሙዝ የቀኑን ድርሻ ጠራርጎ ይወስዳል ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ በኬሚስትሪው ካርቦሃይድሬት ቢሆንም እንደ ስታርች ተፈጭቶ ግሉኮስ አይሆንም። ስለዚህ ብዙዎች ከጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ላይ አሰሩን ቀንሰው ቀሪውን ብቻ ይቆጥራሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ መለያው ላይ ነው። የአሜሪካ ምርት ላይ «ካርቦሃይድሬት» ሲባል አሰሩ ውስጡ አለ። የአውሮፓ ምርት ላይ ግን አሰሩ አስቀድሞ ተቀንሷል። የአውሮፓውን ጥቅል ይዞ እንደገና የሚቀንስ ሰው ራሱን በራሱ ይሸውዳል።

«ያለ ስኳር» የተባለ ቸኮሌት ላይም እንዲሁ ነው። ማልቲቶል ከገባበት የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ከመደበኛው ስኳር ያነሰ ቢሆንም። ኤሪትሪቶል ግን አብዛኛው ሳይነካ በሽንት ይወጣል። የጥቅሉን ፊት ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ታዲያ ፕሮቲን ስኳር ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ይሆናል። ጉበት ከፕሮቲን ስባሪዎች፣ ማለትም ከአሚኖ አሲዶች፣ ግሉኮስ መሥራት ይችላል። ይህን ስለሚያውቅበትም ነው የምንኖረው። ቀይ የደም ሴሎች ኪቶንም ሆነ ስብ መጠቀም አይችሉም። አንድም ካርቦሃይድሬት ባንበላ እነሱ ግሉኮስ ማግኘት አለባቸው።

ጥያቄው «ይቻላል ወይ» ሳይሆን «ጉበት ይህን መቼና ምን ያህል ይሠራል» ነው። ብዙ ሰው ሒሳቡን እንደ ወፍጮ ነው የሚያስበው፤ ብዙ እህል ስትጨምር ብዙ ዱቄት ይወጣል። ጉበት ግን ከወፍጮ ይልቅ በልክ ከሚሰፋ ልብስ ሰፊ ጋር ይቀራረባል። ጨርቅ ስለተከመረለት ብቻ ሱሪ አይደራርብም፤ በአብዛኛው የሚሰፋው ሲታዘዝ ነው። ትዕዛዙ የሚመጣው በሆርሞኖች በኩል ሲሆን፣ መጠኑን የሚወስነው ሰውነት ያለበት የግሉኮስ ፍላጎት ነው።

ይህን በቅርበት ያሳየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ጤነኛ ሰዎች ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን ያለው እንቁላል እንዲበሉ ተደረገ፤ ለእያንዳንዱ አራት እንቁላል፣ 23 ግራም ፕሮቲን። ምልክቱ ፕሮቲኑ የት እንደደረሰ ለመከተል ነው። በቀጣዮቹ 8 ሰዓታት የእያንዳንዱ ሰው ሰውነት በአማካይ ወደ 50 ግራም ግሉኮስ ሠራ። ከዚያ ውስጥ ከእንቁላሉ ፕሮቲን የመጣው 4 ግራም ብቻ ነበር። አራት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ያውም በስምንት ሰዓት ተበትኖ።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? ፕሮቲን ኢንሱሊንንም ይቀሰቅሳል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ከኢንሱሊን ጋር ግሉካጎን የሚባል ሌላ ሆርሞንም ያስነሳል። ግሉካጎን የኢንሱሊን ተቃራኒ ነው፤ ጉበትን ወደ ኪቶን ሥራ የሚገፋው እሱ ነው። ካርቦሃይድሬት ዝቅ ባለበት ሰውነት ውስጥ ሁለቱ ገመድ ጉተታ ይገጥማሉ። ኪቶን ትንሽ ሊወርድ ይችላል፣ አዎ። ከምግብ በኋላ 1.2 የነበረው 0.8 ቢሆን የሚገርም አይደለም። ገደል መግባት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይሄ ሁሉ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ስለማይችል ግሉካጎን ያለ ተቀናቃኝ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ፕሮቲን ሲበላ ከሰዓታት በኋላ የደም ስኳሩ በግልጽ ሊወጣ ይችላል፤ ኢንሱሊኑንም ከሐኪሙ ጋር በዚያ መጠን ያሰላዋል።

ስንት ግራም ይበቃል?

ለአዋቂ ሰው የሚታወቀው ዝቅተኛ ምክር በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። ይሄ ጉድለት እንዳይመጣ የተቀመጠ ወለል ነው። በኪቶ ላይ ላለ፣ በተለይ ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው፣ በተለምዶ የሚባለው ከ1.2 እስከ 1.7 ግራም ነው። ክብደቱ በጣም ለበዛ ሰው የሚሰላው አሁን ባለው ኪሎ ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው ኪሎ ነው።

70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ84 እስከ 119 ግራም ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጓደኛዬም ስቶታል። «100 ግራም ሥጋ» ማለት «100 ግራም ፕሮቲን» ማለት አይደለም! ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወደ 31 ግራም ነው። አንድ እንቁላል ውስጥ ያለው ወደ 6 ግራም ነው። ስለዚህ 84 ግራሙን ለመሙላት ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ቀን 150 ግራም ዶሮ፣ ማታ 120 ግራም ዓሣ ያስፈልጋል። እሱ ግን 90 ግራም ዶሮ መዝኖ «የቀኑን ጨረስኩ» ይል ነበር። ከ30 ግራም ያልበለጠ ፕሮቲን በልቶ «በዛብኝ» ብሎ ሲጨነቅ ማለት ነው።

ፕሮቲን ሲያንስ የሚመጣው ጣጣ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ጉበት ግሉኮስ የሚሠራበት አሚኖ አሲድ ከሳህኑ ካላገኘ ከጡንቻ ይወስዳል። ሚዛኑ ቀነስክ ይላል፣ ሰውዬው ደስ ይለዋል፣ የቀነሰው ግን ሥጋው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንጎል ኪቶንን ገና ስላለመደ ይሄ ይብሳል።

ቀሪው ምን ይሁን?

ስብ። ካርቦሃይድሬቱ ጣሪያ፣ ፕሮቲኑ ወለል ከሆነ ስቡ መሀሉን የሚሞላው ነው። በሒሳብ ላሳያችሁ። ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በግራም 4 ካሎሪ፣ ስብ 9 ካሎሪ አላቸው። 84 ግራም ፕሮቲንና 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲደመሩ 456 ካሎሪ ነው። በቀን 2000 ካሎሪ የሚበላ ሰው ቀሪውን 1544 በስብ ይሞላል፤ ወደ 172 ግራም። ክብደት መቀነስ ፈልጎ 1600 ላይ ከወረደ ስቡ ወደ 127 ግራም ይወርዳል። ሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ግን አልተነኩም። የተቀነሰው ስቡ ብቻ ነው።

«ኪቶኔ እንዲጨምር» ብለው ቡናቸው ላይ ቅቤ የሚያቀልጡ ሰዎች ይህንን ቢያዩት ደስ ይለኛል። ኪቶኑ ሊጨምር ይችላል። ግን ኪቶኑ የተሠራው ከቅቤው እንጂ ከቦርጭ ላይሆን ይችላል። መሣሪያው ስቡ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ስብን ትቶ ፕሮቲን ብቻ መብላትም አያዋጣም። ይህን የሚያሳይ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። የአርክቲክ አሳሹ ቪልሃልሙር ስቴፋንሰንና ባልደረባው ካርስተን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1928 ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል በሐኪሞች ክትትል ለአንድ ዓመት ሥጋ ብቻ በሉ። መጀመሪያ ላይ ሐኪሞቹ ለስቴፋንሰን ስብ የሌለውን ቀይ ሥጋ ብቻ ሰጡት። በቀናት ውስጥ አስቀመጠው፣ አቅለሸለሸው። ስቡ ሲመለስለት ዳነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በቀን ከ100 እስከ 140 ግራም የሚሆን ፕሮቲን፣ አብዛኛውን ኃይል ደግሞ ከስብ እያገኙ ቀጠሉ። ሽንታቸው ውስጥ ኪቶን ሲገኝ ነው ዓመቱ ያለቀው። መቶ ምናምን ግራም ፕሮቲን ከኪቶሲስ አላወጣቸውም።

ይሄ ሁሉ ጥብቅነት ከየት መጣ?

ከሕክምና። ኪቶ የተጀመረው ለክብደት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 የማዮ ክሊኒኩ ሐኪም ራስል ዋይልደር የሚጥል በሽታን ለማከም ነው ያቀረበው፤ ጾም የሕመሙን መነሳት እንደሚቀንስ ታይቶ ስለነበር ያንን ያለ ጾም ለማምጣት ታስቦ። የሕክምናው ዋና ዓይነት 4 ለ 1 ይባላል። ለ4 ግራም ስብ፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ተደምረው 1 ግራም። ስሌቱን ከሠራችሁት 90 በመቶው ካሎሪ ከስብ ነው።

እዚያ ላይ ፕሮቲን የግድ ይጨመቃል፤ ለሕመምተኛው ሕክምና ከፍ ያለና የማይዋዥቅ ኪቶን ይፈለጋል። ምግቡ በግራም ይመዘናል፣ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ ይከታተላሉ። ለዚያ ሕመምተኛ የተሰፋውን ልክ ነው ጥቂት ኪሎ መቀነስ የፈለገ ጎልማሳ ለብሶ የሚሄደው። ሊጠብበው ግድ ነው።

መሣሪያው ላይ ያለው ቁጥር ምን ይናገራል?

ከምታስቡት ያነሰ። ኪቶን ደም ውስጥ ያለው መጠን እንደ ጋን ውሃ ነው። ከላይ ይቀዳበታል፣ ከታች ይጠጣበታል። ጎኑን አይታችሁ «ግማሽ ነው» ማለት ትችላላችሁ። ስንት እንደተቀዳና ስንት እንደተጠጣ ግን አታውቁም። ሰውነት ኪቶን መጠቀም ሲለምድ ጋኑ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጠጪው ስለበዛ።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ንጋት ላይ ኮርቲሶልና ሌሎች ሆርሞኖች ሰውነትን ለመቀስቀስ ግሉኮስ ወደ ደም ያስገባሉ። ስለዚህ የብዙ ሰው ኪቶን ጠዋት ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ከባድ ስፖርት ከሠራችሁ በኋላም ለጊዜው ሊወርድ ይችላል። ማወዳደር ከፈለጋችሁ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ።

የሽንት ወረቀት ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው። የሚለካው አሴቶአሴቴትን ነው፤ ያውም ተርፎ የፈሰሰውን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሰውም ፎቶ ያነሳዋል። ከሳምንታት በኋላ ምንም ሳይቀየር ወረቀቱ ይደበዝዛል፤ ሰውነት ኪቶኑን ማባከን ስለቀነሰ ነው። ውሃ በብዛት ስትጠጡም ቀለሙ ይቀጥናል። የትንፋሹ መለኪያ አሴቶንን ያያል። ደምን የሚለካው ከሁሉም ይሻላል፤ ጣት መወጋቱ ነው ጣጣው።

ከፍተኛ ቁጥርስ አያስፈራም?

ሁለት ስማቸው የሚመሳሰል ነገሮች አሉ፤ ኪቶሲስና ኪቶአሲዶሲስ። ሁለተኛው ደም አሲድ የሚሆንበት፣ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ጤነኛ ሰው ውስጥ ኪቶን ሲበዛ ትንሽ ኢንሱሊን ይወጣና ምርቱን ይገታዋል። ኢንሱሊን የሌለው ሰው ግን ፍሬን የለውም። ኪቶኑ 10ንና ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ ኪቶ አይጀምሩ። በተለይ እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉትን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው፣ የደም ስኳሩ ያን ያህል ሳይጨምር ኪቶአሲዶሲስ ሊይዘው ይችላል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ «ኪቶ እየለመደኝ ነው» ብሎ መተኛት የለም፤ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ተራው የመጀመሪያ ሳምንት ራስ ምታትና ድካም ሌላ ነው። ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨው በብዛት ያስወጣል። ብዙ ጊዜ ውሃና ትንሽ ጨው ያለው የአጥንት መረቅ ያስታግሰዋል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው ከመጨመሩ በፊት ይጠይቅ።

የዶሮዋ ነገርስ?

ለጓደኛዬ ሁለት ነገር ጻፍኩለት። አንደኛ፣ ማታ ከራት በፊት እንደገና ለካ። ሁለተኛ፣ ያቺን የዶሮ ደረት በምን በላሃት?

ማታ 0.9 አመጣ። ቀን ላይ እንቁላልም ሥጋም በልቷል።

ለሁለተኛው ጥያቄ ግን ወዲያው አልመለሰም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ፎቶ ላከ። የባርቤኪው ሶስ ጠርሙስ ነው፣ ግማሽ ድረስ የጎደለ። ጀርባውን አንብብ አልኩት። በሁለት የሾርባ ማንኪያ 13 ግራም ስኳር ይላል። «ስንት ማንኪያ አደረግክ?» ስለው፣ «ማንኪያ አልተጠቀምኩም» አለኝ።